የትም ይሁን

በእኛ ቤት ምግብ ቤት መርጦ የሚያውቅ ሰው የለም። "ለእኔ የትም ይሁን" የማይል ግን አንድም አይገኝም። እማዬ የትም ይሁን ትላለች። አባዬ "እኔ ምን ቸገረኝ፣ እናንተን ደስ ያላችሁ ቦታ" ይላል። የአባዬ ታላቅ እህት እትዬ ደግሞ ጭራሽ "እኔማ ውኃም ይበቃኛል፤ የእናንተን ዓይን ካየሁ ጠገብሁ" ብለው ነገሩን ያከብዱታል። ይህን የሰማ የዋህ ሰው "እንዴት ያለ ለማስደሰት የማያስቸግር ቤተሰብ ነው!" ሊል ይችላል። እስቲ የአንድ ምግብ ቤት ስም ይጥራና ይየን። መጀመሪያ ዝም ይባላል። ቀጥሎ "ጥሩ ነው" ይመጣል። "ጥሩ ነው" ከተባለ ያ ምግብ ቤት አበቃለት። ከኋላው የሚከተለው "ግን" ወይ ደረጃ ነው፣ ወይ የመኪና ማቆሚያ፣ ወይ ሙዚቃ፣ ወይ ድሮ እዚያ የተበላ ጥብስ ያመጣው የሆድ ቁርጠት።

የሚፈልጉትን መናገር ነውር ነው። የማይፈልጉትን መናገር ግን፣ በሌላ ሰው ስም እስከሆነ ድረስ፣ አሳቢነት ነው። እማዬ "ሙዚቃው ያደነቁረኛል" አትልም፤ "አባታችሁን ሙዚቃ ይረብሸዋል" ነው የምትለው። አባዬም ደረጃ መውጣት እንደሚያታክተው ሲናገር ተሰምቶ አያውቅም፤ "የእናታችሁን ጉልበት አስቡ እንጂ" ይላል። የእማዬ ጉልበት ከእሷ ይልቅ እሱን የሚያመው ይመስለኛል።

ሰኔ ላይ ታላቅ እህቴ ከሜሪላንድ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ለእረፍት መጣች። ገና ሻንጣዋ ተፈትቶ ሳያልቅ በቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ "እሑድ ሁላችሁንም ብራንች እጋብዛለሁ" ብላ ጻፈች። አውራ ጣቱም ልቡም ዘነበ። አባዬ ብቻ "የየትኛው ባንክ ብራንች?" ብሎ ጠየቀ። ቁርስ ካለፈ በኋላ፣ ምሳ ሳይደርስ የሚበላ ምግብ ነው ተብሎ ሲነገረው "ቁምሳ በሉኛ!" አለ። በእሱ የወንደላጤነት ዘመን ቁምሳ የወር መጨረሻ ምግብ ነበር። ደመወዝ ሲሳሳ፣ ቁርስንም ምሳንም በአንድ ሒሳብ ለመገላገል እስከ አምስት ሰዓት ተጹሞ የሚበላ። ያው ምግብ፣ በያው ሰዓት፣ አሁን ከቁርስና ከምሳ ድምር በልጦ ይመጣል። እህቴ ይህን ስትሰማ ሳቀች፤ አባዬ ግን እየቀለደ አልነበረም።

ወጥቶ መብላት ለአዲስ አበባ ሰው ዱሮም ቀላል ነገር አልነበረም። እቴጌ ጣይቱ ሆቴላቸውን ሲከፍቱ፣ ይኸው ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፣ ምግቡ ተሰናድቶ በላተኛ ጠፋ ይባላል። ቤት ያለው፣ ጓዳ ያለው፣ የጨዋ ልጅ የተባለ ሰው ገንዘብ ከፍሎ ባዕድ ፊት ሲጎርስ መታየቱን አፈረ። አጼ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው ሄደው፣ በልተውና ሒሳብ ከፍለው ካሳዩ በኋላ ነው አሉ ሌላው የደፈረው። እኔን በዚህ ታሪክ የሚደንቀኝ የንጉሡ መክፈል አይደለም። ከዚያ ሁሉ መኳንንት መሀል "ጃንሆይ፣ ዛሬስ በእኔ ይሁን!" ብሎ የተሟገተ ሰው ስሙ አለመነሣቱ ነው። የእኛ ቤት ሰው አብሮ ቢኖር ኖሮ እስካሁን ሒሳቡ አልተዘጋም ነበር።

ጣይቱ ሆቴል ዛሬም ፒያሳ ቆሟል፤ በ2007 ከተነሣበት እሳትም ተርፏል። የጾም ቡፌው የታወቀ ነው። መጀመሪያ ስሙን የጠራው አባዬ ነበር። "ጥሩ ነው" አለች እህቴ። አበቃለት። ቡፌ የምሳ ሰዓት ነገር ነው፣ ብራንች አይባልም አለች። ትልልቆቹ ሆቴሎች የእሑድ ብራንች ቡፌ እንደሚያዘጋጁ ታናሽ ወንድሜ ሲያነሣ ደግሞ አባዬ ራሱ ተነሣ፦ "ልጄ ከአሜሪካ መጥታ እኔ ሳህን ይዤ እንደ ስንዴ ተቀባይ ልሰለፍ?"

እዚህ ላይ ጾሙ መጣ። እሑዱ የዋለው በሰኔ ጾም፣ በጾመ ሐዋርያት ውስጥ ነበር። ይህ ጾም ከጰራቅሊጦስ ማግሥት ገብቶ ሐምሌ 5 የሚፈታ፣ ከሰባቱ አጽዋማት አንዱ ነው። ቤተ ክርስቲያን ለሁሉም ነው ብላ ታስተምራለች። ሰዉ ግን የዐቢይ ጾምን 55 ቀንና ፍልሰታን በሙሉ ልቡ ይዞ፣ ይህኛውን "የቄስ ጾም" ብሎ ለካህናቱ ትቶላቸዋል። ስለዚህ በፍልሰታ ጊዜ ሁሉም ስለሚጾም ነገሩ ይቀላል፤ በፋሲካ ሰሞን ሁሉም ስለሚበላ ይቀላል። በሰኔ ግን ቤቱ ይከፈላል። እትዬ ይጾማሉ፤ የሚጾሙ መሆናቸውንም ያልሰማ የሠፈር ሰው የለም። እማዬ ትጾማለች፤ አትናገርም። አባዬ አይጾምም፤ ግን እትዬ ፊት ሥጋ አያዝም። ወንድሜ የትም፣ ማንም ፊት ይበላል። ዓሣስ? ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለው ክርክር በእኛ ቤት ከእኔ ዕድሜ ይበልጣል። አባዬ ስለ ሐዋርያቱ ዓሣ አጥማጅነት ሲያነሣ፣ እትዬ "መረባቸውን ጥለው አይደል የተከተሉት?" ብለው ይዘጉታል።

እህቴ ሃይማኖቷን ጠብቃ የኖረች ናት እንጂ ጿሚ አይደለችም። ይሁን እንጂ ሥጋ ትታለች፣ ወተት ትታለች፣ እንቁላል ትታለች፣ የስንዴ ነገርም ሆዷን ይነፋታል። ይህን ለእትዬ ስታስረዳ አሮጊቷ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። "ተባረኪ! በሰው አገር ሆነሽ፣ ያውም የሰኔን!" አሏት። እህቴ ስለ ቪጋንነት ልትገልጽ አፏን ከፈተች፤ ትንሽ አሰበችና ዘጋችው። ምርቃት ተቀብሎ መቀመጥ ይሻላል።

የታናሽ እህቴ ባል ደግሞ የደሴ ልጅ፣ ሙስሊም ነው። በወሎ አንድ ቤት ሁለት ሃይማኖት ብርቅ አይደለም፤ ሰርጉም ለቅሶውም ድግሱም አብሮ ነው። ሥጋው ብቻ ለየብቻ ነው። በሩ ላይ መስቀል ካለ ሥጋው ለእሱ አይሆንም፤ ሐላል ተብሎ ከተጻፈ ለእነ አባዬ አይሆንም። እሱ ታዲያ አንድም ቀን "እናንተ ወደኛ ኑ" ብሎ አያውቅም። "እኔኮ የጾም ምግብ ነው የምወደው፤ የትም ይሁን" ይላል። ከእኛ ጋር ከተጋባ ጀምሮ ውጭ ስንበላ ከሽሮና ከበያይነቱ ሌላ ሲያዝ አላየሁትም። ከእትዬ ቀጥሎ በቤተሰባችን ብዙ የጾመው እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ይህን ሁሉ በጭንቅላቴ ደመርሁና መልሱን አገኘሁት፦ ፉል። ሥጋ የለበትም፣ ስለዚህ መስቀልና ጨረቃ አይጠየቅም። እንቁላሉና እርጎው ከቀረ ጾም ነው። ለእህቴ ዳቦውን በእንጀራ መቀየር ነው። ለአባዬ በሚጥሚጣና በቃሪያ ይለበለባል። ፉል ቤት የሌለበት ሠፈር የለም፤ በእሑድ ጠዋት ደግሞ ጣባው እየተንተከተከ ሲመጣ ሽታው ብቻ ከእንቅልፍ ያስነሣል። ሐሳቤን ግሩፑ ላይ አስቀመጥሁ። ሁሉም "ጥሩ ነው" አሉ። በኋላ እህቴ ለብቻዬ ደወለችልኝ። "አትላንቲክን ተሻግሬ መጥቼ ፉል ላብላቸው? ሰው ምን ይለኛል?" ሰው የምትለው እኛው ነን፤ ስምንታችን። ፉል ይወደድ አይወደድ ጥያቄ አልነበረም። ለጋባዥ አይመጥንም።

ከዚያ የቦታው ጉዳይ ተነሣ። ዱሮ ስለ ምግብ ቤት የሚጠየቀው የክትፎው የለብ ለብ አሠራር ነበር፤ አሁን የሚጠየቀው ፓርኪንግ አለው ወይ ነው። በ2016 የኮሪደር ልማቱ ከተጀመረ ወዲህ የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፣ ብስክሌቱም የራሱን አግኝቷል፤ መኪና ጥግ አስይዞ "አንዴ ማኪያቶ ጠጥቼ ልምጣ" ማለት ግን ቀርቷል። አባዬ ሁልጊዜ ልቡ ፒያሳ ነው። እሱ የሚያውቃት ፒያሳ ግን ብዙዋ ፈርሳለች። መንገድ ሲጠቁም ስሰማው እጨነቃለሁ።

"ከዚያ ልብስ ሰፊው ቤት ፊት ለፊት ነው።"

"አባዬ፣ እሱኮ ፈርሷል።"

"አውቃለሁ። ከነበረበት ፊት ለፊት።"

"ፊት ለፊቱም ፈርሷል።"

"እንግዲያው ከጎኑ!"

በመጨረሻ ቶሞካ እንሂድ አለ፤ እሱ አልተነካም ብሎ። ቡናው ላይ ክርክር የለም። ግን ቶሞካ ቡና የሚጠጣው ቆሞ ነው፤ የእማዬ ጉልበት እንደገና ተነሣ። እንጦጦ ፓርክን ወንድሜ አነሣ። በሰኔ ጭጋግ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ፣ እትዬ በነጠላ? ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ተባለ። ለቁርስ የፍጥነት መንገድ ተከፍሎ አይኬድም ተባለ። ቅዳሜ ማታ ደረሰ፤ የትም ይሁን ያልን ሰዎች የትም አልሆነልንም።

የፈታልን የታናሽ እህቴ ልጅ ናት። ገና አንደኛ ክፍል አልገባችም። ወንድሜ ቦሌ አካባቢ ስለተከፈተ ካፌ የተቀረጸ የቲክቶክ ቪዲዮ ሲያሳየን በመሀላችን ገብታ አየች። ካፌው ጣሪያው በሙሉ የላስቲክ አበባ ነው፤ ግድግዳው ላይ ሰው መሀሉ ቆሞ ፎቶ የሚነሣበት የመልአክ ክንፍ ተስሏል፤ ጥግ ላይ ደግሞ በገመድ የተንጠለጠለ ዥዋዥዌ አለ። እህቴ ስልኳን አውጥታ አስተያየቱን አነበበች፤ አንዱ ስለ ክንፉ፣ አንዱ ስለ አበባው፣ አንዱ ስለ መብራቱ ጽፏል። ስለ ምግቡ የጻፈ አልነበረም። ሕፃኗ ግን ጣቷን ዥዋዥዌው ላይ አድርጋ "እዚህ!" አለች።

አለቀ። የሳምንቱ ጭንቀት በአንድ ቃል ተፈታ። "ሕፃኗ ከፈለገችማ!" አለ አባዬ። "አዎ፣ ለልጅቷ ብለን" አለች እማዬ። ሁሉም ፊቱ በራ። ልጅቷ ይሉኝታ አልያዛትም፤ እኛ ደግሞ ምግቡ ቢከፋ የምናሳብብበት ሰው አገኘን።

እሑድ፣ እትዬና እማዬ ከቅዳሴ ሲመለሱ፣ አምስት ሰዓት ግድም ደረስን። ደረጃ የለውም፤ እማዬን ደስ አላት። መቀመጫው ግን ወደ መሬት የሚሰምጥ ሶፋ ነበር። መቀመጡ እንኳ ይቻላል፤ ከዚያ ለመነሣት ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ሜኑው በስልክ የሚነበብ ነው ተባልንና አስተናጋጁ ለእትዬ ቃል በቃል አነበበላቸው። ሲጨርስ "እሺ የኔ ልጅ፣ ያመጣኸውን እበላለሁ" አሉት። አባዬ እትዬን በጎን አየት አድርጎ "ሥጋ እንኳ አይደለም" እያለ እንቁላል ፍርፍር አዘዘ። አማቻችን ሽሮ አለ። እማዬ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ "እንዲያው ዛሬ አማረኝ" ብላ የጾም ጨጨብሳ አዘዘች።

ጨጨብሳው ከላዩ ሙዝ ተደርድሮበት፣ ማር ተንጠባጥቦበት፣ በጥቁር ሳህን መጣ። እማዬ ሙዙን በአክብሮት ወደ ዳር ገፋችው። አንድ ቁራጭ ቂጣ አነሣች፤ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሀል አሸት አሸት አደረገችው። ጣቷ ላይ የቀረውን ቅባት ወደ ብርሃኑ አዙራ አየች። ከዚያ አሸተተችው። አንዴ አሸተተች፤ ዓይኗን ጨፍና ደግማ አሸተተች።

"ኮረሪማ" አለች። "ኮሰረት። አብሽም አለበት።" ሳህኑን ገፋች። "ይሄ ቅቤ ነው።"

"የጾም ነው እማማ፣ እመኑኝ" አለ አስተናጋጁ።

"ልጄ፣ እኔ ቅቤ ሳነጥር አንተ አልተወለድክም።"

ልጁ ወጥ ቤት ሄዶ ተመለሰ። እውነቱን ነበር። ቅቤ አይደለም፤ በቅቤ ማንጠሪያ ቅመም ሁሉ የተነጠረ ዘይት ነው። የጾም ቅቤ ይሉታል። እማዬ እንደገና አሸተተችው፤ እጅ መስጠት አልፈለገችም፤ ግን የሙያ ሰው ናትና ራሷን ነቀነቀች። እትዬ ግን በሌላ በኩል መጡ። "ቅቤ ቅቤ ከሸተተ፣ ቅቤ ቅቤ ካለ፣ ታዲያ ጾሙ ምኑ ላይ ነው?" ጠረጴዛው ዝም አለ። እኔ እስካሁን ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጠ ሰው አላጋጠመኝም። አባዬ ብቻ እንቁላሉን አጋምሶ ቆም አለና እማዬን አያት። "ትጾሚያለሽ እንዴ?" "ኧረ እኔ ምን እጾማለሁ" አለች እማዬ። እሱ ሹካውን አስቀመጠ።

የየራሳችን ሳህን የየራሳችን ሆኖ የቆየው ለጥቂት ደቂቃ ነው። እትዬ እጃቸውን ዘርግተው ሽሮውንም በያይነቱንም ወደ መሀል ሰበሰቡት፤ ሌላ እንጀራም አዘዙ። የመጀመሪያው ጉርሻ ለአማቻችን፣ ሁለተኛው ለእህቴ። እህቴ ከዚያ ወዲያ የእንጀራው ጤፍ ንጹሕ መሆን አለመሆኑን መጠየቋን ተወች። ልጅቷ ከዥዋዥዌው አልወረደችም፤ ጉርሻው እዚያው እየተላከ ነበር የምትበላው።

ሜኑ ላይ የሚጻፈው ዋጋና የሚከፈለው ገንዘብ ዝምድናቸው ሩቅ ነው። በብዙ ቤት ከታች፣ በደቃቅ ፊደል፣ ቫትና የአገልግሎት ክፍያ እንዳልተካተተ ይጻፋል። 1,000 ብር በልተህ ከሆነ 10 በመቶ ለአገልግሎት ይጨመራል፤ 1,100 ይሆናል። ቫቱ 15 በመቶ የሚታሰበው በ1,100ው ላይ ነው፤ ስለዚህ 1,265። አባዬ ይህን በስልኩ ካልኩሌተር ሳይሆን በጣቶቹ ነው የሚሠራው፤ ሒሳቡም ከማሽኑ ደረሰኝ ጋር ልክ ይገጥማል። እማዬ "265ቱን ምን በልተንበት ነው?" ብላ ስትጠይቅ፣ አባዬ ቀና ብሎ የላስቲክ አበባውን አሳያት።

ሒሳብ የጠየቀችው እህቴ ናት፤ ካርዷንም አዘጋጅታለች። አስተናጋጁ ፈገግ ብሎ "ተከፍሏል" አላት። እህቴ አባዬን አየችው። "መኪናዋን ልያት" ብሎ ወጣ ያለው ለካ ካሸሯ ጋ ኖሯል፤ በጥሬ ገንዘብ። "አባዬ! የእኔ ግብዣ ነበር እኮ!" "ልጄ ለእንግድነት መጥታ? በአባቴ አይደረግም!" አማቻችን ሶፋው ውስጥ ሰመጥ አለ። እጁን ሊታጠብ ሲሄድ እሱም በቴሌብር ከፍሎ ነበር። መጀመሪያ የከፈለው እሱ ነው፤ በግርግሩ ከአባዬ ላይ ደግመው ተቀበሉ። ካሸሯ ደርሳበት የአባዬን ገንዘብ በአስተናጋጁ ልካዋለች።

ልጁ ብሩን በትሪ ይዞ መጣ። አባዬ እጁን ወደ ኋላ አደረገ። "ከእጄ የወጣ ገንዘብ አይመለስም። ለእሱ ስጠው።" አማቻችን ደግሞ "አባባ ይሙቱ አልነካትም! የእኔ የገባ ገባ፤ ይሄ የእርስዎ ነው።" ትሪው ወደ እህቴ ዞረ። እሷ ተቀይማ መስኮት መስኮቱን ታያለች። ለእማዬ ቢያቀርብላት "እኔ ምን አገባኝ" አለች። እትዬ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሂድ አሉ፤ ከዚያ ወደ የትኛው ቤተ ክርስቲያን የሚል ክርክር ሊነሣ ሲል ተዉት። ወንድሜ እጁን ሊዘረጋ ሲል ከሁሉም አቅጣጫ ታየና ሰበሰበው። አስተናጋጁ ሌላ ጠረጴዛ ይጠብቀዋል፤ ትሪውን ይዞ ግን በዙሪያችን ይዞራል።

ልጅቷ ከዥዋዥዌው ዘላ ወረደች። መጥታ ትሪው ላይ ያለውን ብር አየችው፤ ልጁን ደግሞ ቀና ብላ አየችው።

"አይስክሬም አላችሁ?"

"አለን። ምን ዓይነት ላምጣልሽ?"

"ቸኮሌት" አለችው፣ ዓይኗን ሳታሽ።

"ሕፃኗ ከፈለገችማ!" አለ አባዬ፤ ትሪውን ከልጁ ተቀብሎ ፊቷ አስቀመጠላት።